ያለ ታኮ የቆመው አውቶቡስ

ወንድም ጋሼ፣

አውቶቡሱ ትናንት ረፋድ ላይ በፖስታ ቤቱ ዳገት ያለ ታኮ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመ።

ሰላምታውን ከወሬው በኋላ ማስከተሌ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እማዬም ከትከሻዬ በላይ አንብባ “እንደ ሰው አትጀምሪም?” ብላኛለች። እንግዲህ እንደ ሰው ልጀምር። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ፣ ከመኪና ሥር ማጎንበሱን ቀነስክ ወይስ ሐኪሙን እያሞኘኸው ነው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? የትንሿ ጥርስ በቀለላት? እኛ ደህና ነን። እማዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቢያስቸግራትም፣ እሱን ሥራ ለእኔ ሰጥታ ስፌቷን አላቋረጠችም። አባባ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላው ሰላም ነው፤ መብላትም መቆጣትም አላቃተውም። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት የዳቦ ቤቱን መኪና እነዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡሱ ሥር እጋደማለሁ።

አሮጌውን አውቶቡስ አድሼ የሆስፒታሉን ሠራተኞች ላመላልስበት ስል አባባ ምን እንዳለኝ ባለፈው ዓመት ጽፌልህ ነበር። “ያለ ታኮ ሳይቆም ጎማው ከዚህ ግቢ አይወጣም” ነው ያለው። ለምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አንዳችንም ጽፈነው ስለማናውቅ አንድ ጊዜ ልጻፈው። አንተ አስራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፣ የአባባ ረዳት ነበርክ። የእጅ ፍሬኑ ስለማይታመን በፖስታ ቤቱ ዳገት ሰው ለማውረድ ሲቆም እንደ ወትሮህ ታኮውን ይዘህ ዘለህ ወረድክ። ከኋላ ጎማው ሥር ስታስገባው አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ የቀኝ እጅህን ሁለት ጣቶች እዚያ ተውካቸው። አባባ ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ አውቶቡሱን ጓሮ አቁሞ ቁልፉን በእማዬ የክር ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። አንተ በዓመቱ ሄድክ። ሃያ አንድ ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አባባ ስለ ጣቶችህ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ አንተም ለእሱ ለብቻው ጽፈህለት አታውቅም። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ አይደለም።

ከባዱ ሥራ ፍሬኑ መስሎኝ ነበር፤ ከባዱ ዝገቱ ሆነ። ያን ያህል ዓመት ዝናብ የጠጣ ላሜራ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ከኋላው ወንበር ሥር ዶሮዎቻችን እንቁላል ሲጥሉ ኖረዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብቆም ወለሉ ተቀዶ እግሬ እስከ ጉልበቴ ወረደ። ጤነኛውን ብረት ከበሰበሰው የለየችልን እማዬ ናት። በመቀሷ እጀታ ዙሪያውን እያንኳኳች ሄደች፤ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዝም ይላል። ዝም ያለውን ሁሉ በልብስ ጠመኔዋ ከበበችው፤ ሠላሳ ሰባት ቦታ ሆነ። ከዚያ በጋዜጣ ወረቀት የየአንዳንዱን ልክ ቆርጣ ለበያጁ ሰጠችው። ልማድ ሆኖባት በየጠርዙ ሁለት ሁለት ሴንቲ ለስፌት ትታ ነበር። በያጁ፣ እማማ፣ ይሄ ላሜራ ነው እንጂ ቀሚስ አይደለም ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳትቆጣ፣ ላሜራም ቢሆን ጠርዙ ካልታጠፈ ይተረተራል አለችው። ሰውየው ትንሽ አሰበና ጠርዙን እያጠፈ በየደው። ዝናቡ ሲመጣ ከመስኮቶቹ ሥር አንድ ጠብታ አልገባም። አሁን ለሌላ ደንበኛ ሲሠራም ጠርዝ እንደሚያስተርፍ ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደተማረው ግን አይናገርም። የተረፈውን በብረት ብሩሽ ፍቀን፣ የዝገት መከላከያ ሁለት ጊዜ ቀብተን፣ ድሮ የነበረውን ሰማያዊ ቀለም መለስንለት።

ከዚያ ያንተ ሣጥን መጣ። በምትሠራበት ዴፖ ከአገልግሎት የወጣው አውቶቡስ ከመቆራረጡ በፊት አለቃህን ለምነህ ፍሬኑን እንደፈታህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እያንዳንዱን ብሎን በጨርቅ ጠቅልለህ ቁጥር እንደሰጠኸው ግን አልነገርከኝም። ምስጋናዬን በየብሎኑ ነው ያደረስኩት፤ አንዱን ጨርቅ በፈታሁ ቁጥር እጅህ ይባረክ እያልኩ። ለፊት ጎማዎች ዲስክ፣ ለኋላዎቹ ሰፋ ያለ የፍሬን ታምቡር፣ የአየር መጭመቂያው፣ ጎማ የሚገባባቸው ስድስቱ ቸርኬዎች፣ አንድም የጎደለ አልነበረም። ጎሚስታው አዲሶቹን ቸርኬዎች በመዳፉ እየዳበሰ ብዙ ቆየ። አሮጌዎቹ ጎማ ሲነፋ የብረት ቀለበታቸው ተስፈንጥሮ ሰው የሚመታ ነበሩ፤ እሱም አንድ ባልደረባውን እንደዚያ አጥቷል። እነዚህን የላከውን ሰው እግዜር ይስጠው በይልኝ ብሎኛል።

ሁሉም ልክ ነበር፣ ዲስኮቹን ከእኛ አክስል ጋር ከሚያገናኙት ሁለት ወፍራም ቀለበቶች በስተቀር። እኔ የአክስሉን ብሎኖች ከአንዱ እስከ ፊት ለፊቱ ለክቼ ሃያ ሰባት ሴንቲ ከግማሽ ብዬ ጽፌልሃለሁ። አንተ ያስበሳኻቸው ቀለበቶች ሃያ አራት ከግማሽ ናቸው። ሁለት ቀን ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን የእማዬ የልብስ ሜትር ዓይኔ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ሦስት ሴንቲ በካውያ ተቃጥሎ የተቆረጠው እኔ ሳልወለድ ነው፤ በዚህ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ከለካ በኋላ ሦስት ይቀንሳል። እኔ ቀንሼ ጻፍኩልህ። አንተም ያ ሜትር እንደሆነ አውቀህ ከዚያ ማዶ ሆነህ እንደገና ቀነስክልኝ።

አባባ እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ አውቶቡሱ ቀርቦ አያውቅም። በረንዳው ላይ ጀርባውን ለጓሮው ሰጥቶ ይቀመጥና ሁሉን ይሰማል። የሜትሩን ነገር ለእማዬ ስነግራት ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳል የያዘው መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። “ሁለቱም የእናታቸው ልጆች” አለ። ከዚያ ተነሥቶ መጣ፤ አንዱን ቀለበት አንሥቶ በእጁ መዘነው። ሃያ ሰባት ከግማሽ ነው፣ እኔ እያለሁ ሜትር ምን አደከመሽ አለኝ። ለካ ሳይረሳው ኖሯል። ሁለቱን ቀለበቶች ራሱ በብብቱ ይዞ ወደ ብረት ቀራጩ፣ ወደ ባለ ቶርኖው ሄደ፤ ሰፈሩ ጋሽ ሚሊሜትር የሚላቸውን ሽማግሌ ማለቴ ነው፣ አንተም ታውቃቸዋለህ። አባባ ወርክሾፓቸውን ከረገጠ ያው ሃያ አንድ ዓመቱ ነውና፣ በር ላይ ሲያዩት ደንግጠው “ማን ሞቶ ነው?” አሉት። በሳምንቱ ከወፍራም ብረት አዲስ ቀለበቶች ቀርጸው፣ ሦስት ጊዜ ለክተው ሰጡን። ያንተን መልሰው እንዲበሷቸው ለምኛቸው ነበር፤ ሰው የሚጫንበት ነገር አይጣፍም ብለው እምቢ አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ወንበሩን አዙሮታል። ፊቱን ለጓሮው ሰጥቶ ሲቀመጥ ደስታውም ጣጣውም የእኛ ሆነ፤ ብሎን ባጠበቅኩ ቁጥር አንድ ምክር ይከተላል። በሜዳው መንገድ በአርባ ፍጥነት እየነዳሁ ፍሬኑን ብረግጠው፣ ድሮ ሠላሳ ሜትር ይፈልግ የነበረው በአስራ ሁለት ሜትር ቆመ። በመጀመሪያው ሙከራ እማዬ መሃል ላይ ተቀምጣ ነበርና መነጽሯ እስከ እኔ ድረስ መጣ። አባባን ያላሳመነው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነበር። አየሩ ሲወጣ ሞላው ተፈትቶ የኋላ ጎማዎቹን እንደሚይዝ፣ አየር ቢያልቅ እንኳ የሚላላ ሳይሆን የሚጠብቅ መሆኑን አስረዳሁት። አንድ ቀን ሙሉ አሰበበት። ሲያድር፣ ጉልበቱ ሲያልቅ የሚበረታ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፣ ሐሙስ ዳገቱ ላይ እናየዋለን አለ።

ለሙከራ የተሰጠንን ፈቃድ መስተዋቱ ላይ ለጥፌ ትናንት ወጣን። አባባ ሲሳፈር ወደ ሾፌሩ መቀመጫ አላየም። በሩ አጠገብ ካለው ከረዳቱ ወንበር ላይ፣ ካንተ ቦታ ተቀመጠ። ኮቱ ሥር አንድ ነገር አቅፏል። ጋሽ ሚሊሜትር ሰዓታቸውን ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ በር ፊት ለፊት አቆምኩና የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ። እግሬን ገና ከፍሬኑ ሳላነሣ አባባ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከኮቱ ሥር ያወጣው ታኮው ነው፤ ያው የወይራው ታኮ፣ ጎኑ ላይ ጎማው የተወው ጠባሳ ያለበት። በየት አስቀምጦት እንደኖረ እማዬም አታውቅም።

በጎን መስተዋቱ ሳየው ከቀኙ የኋላ ጎማ ኋላ፣ ልክ አንተ በቆምክበት ቆሟል። አባባ፣ ከዚያ ዞር በል ብዬ ጮህኩ። “ወንድምሽ እዚህ ነበር የቆመው። ልቀቂው” አለኝ። አልለቅም አልኩት። ተሟገትን፤ ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። ጋሽ ሚሊሜትር አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ለምን ታስጨንቃታለህ፣ ብረቱን ፈትን እንጂ አሉት። ይሄኔ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ዞረ። እግሬን ቀስ አድርጌ አነሣሁ። አውቶቡሱ አንዲት ጋት አልተንቀሳቀሰም።

ጋሽ ሚሊሜትር ደቂቃውን ይጠራሉ፤ አባባ ታኮውን ይዞ ጎማውን ያያል። በአስረኛው ደቂቃ ገደማ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ምን ተበላሽቶ ነው ብሎ ጠየቀው። አባባም ቀና ሳይል “ምንም አልተበላሸም፤ እሱን ነው የምናየው” አለው። ፖሊሱ ወረቀታችንን አነበበና ሳይሄድ አብሮን ቆመ፤ መኪኖቹንም በጎናችን አሳለፈልን። ሃያ አንደኛው ደቂቃ ሲጠራ አባባ ታኮውን አስፋልቱ ዳር አስቀመጠ። ጉልበቱን ይዞ በርከክ አለና ቀኝ እጁን ከጎማው ኋላ መሬቱ ላይ ዘረጋ። ያንተ እጅ በነበረበት ቦታ። አንድ ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆየ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ እግሬን ሰርቄ መልሼ ፍሬኑ ላይ አድርጌያለሁ። ስለዚህ ከላይ ሃያ ሁለት ያልኩት በትክክል ሃያ አንድ ነው። ለአባባ አትንገርብኝ። እማዬ አሁን ይህን አነበበች።

ስንመለስ ታኮውን ላንድደው፣ ልስቀለው ወይስ ልጣለው ብዬ ጠየቅሁት። “የእኔ አይደለም፣ የረዳቱ ነው” አለኝ። ስለዚህ ውሳኔው ያንተ ነው፤ መልስህ እስኪደርስ ከወንበርህ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ሣጥኑን አብራህ ላሸገችው ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታና ምስጋና አቅርብልኝ። ቁጥሮቹን በቀይ ቀለም ለጻፈችው ለትልቋ፣ ሰባትና አንድን እንዴት እንደምትለይ አክስትሽ አስተምሪኝ ብላለች በላት። ትንሿን ጥርሷ በበቀለው በኩል ሳምልኝ። ጋሽ ሚሊሜትር ሰላም ብለውሃል፤ ለእናታችሁ ሜትር ግዙላት የሚል መልእክትም አላቸው። እማዬ ደግሞ አርባ ዓመት የሰፋሁት ልብስ ጠቦት የመለሰልኝ የለም ትላለች፤ ጉንጭህን ስማለች፣ ወገብህን በሙቅ ጨርቅ እንድትይዘው አደራ ብላለች። በያጁና ጎሚስታውም አልረሱህም።

የአባባ ሰላምታ መጨረሻ የቀረው እሱ ራሱ መጨረሻ ላይ ስለሰጠኝ ነው። ቅድም ወረቀቱን ይዤ አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለኝ፤ እኔም ከቃሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። “ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ ብርድ ሲሆን ያመዋል ወይ?”

መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ጻፍለት። ለሥራ ፈቃዱ የሚደረገው የፍሬን ምርመራ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ታናሽ እህትህ

ከጓሯችን፣ ከረዳቱ ወንበር ላይ
ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን