የካቲት ላይ የመጡት ልጆችና አቶ አልሲድ ፎንተኖ (1957–2024)

አቶ አልሲድ ፎንተኖ ከአባታቸው ከልሰና ሠራተኛው ሬይመንድ ፎንተኖና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ኢሜልዳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1957 በኒው ኦርሊንስ፣ ሰባተኛ ወረዳ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። አባታቸው ግድግዳ ሲለስኑ ውሃ ልክ እየያዙላቸው ስላደጉ፣ የተንጋደደ ነገር ሲያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም ነበር። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ክላሪስ፣ ቤቷ ውስጥ የሰቀለችው ሥዕል ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳይስተካከል የቀረ የለም።

በሰፈራቸው ተምረው፣ በሒሳብ ትምህርት በዲግሪ ተመርቀው፣ ከ1979 ጀምሮ ለሃያ ስድስት ዓመታት አስተማሩ። በ1983 ወይዘሮ ቬርኔልን አግብተው ጄራርድንና ማርሴልን ወልደዋል። በእነዚያ ዓመታት በጎን ባለው ክፍል የሚያስተምሩት ወይዘሮ ኦዴት ጊልሪ ነበሩ። ግድግዳው ስስ ስለነበር የአቶ አልሲድ ተማሪዎች ክፍልፋይ ሲሰለቻቸው ጆሯቸውን ወደ ወይዘሮ ኦዴት ተረት ያዞሩ ነበር። ይህን ሲያወሩ እሳቸው ራሳቸው ይስቁ ነበር።

በ2005 ከተማዋን ያጥለቀለቀው ማዕበል ቤታቸውን ወሰደ፤ ሥራቸውም አብሮ ሄደ። ሁለት ዓመት ሂዩስተን ቆይተው ሲመለሱ «አዲስ ደጃፍ» በተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጠሩ። የድርጅቱ ሥራ ቻርተር ትምህርት ቤቶችን፣ ማለትም በመንግሥት በጀት ነገር ግን በራሳቸው ውል የሚተዳደሩትን፣ መደገፍ ነበር። አዲስ ሐሳብ ያለውን መምህር ፈልጎ፣ አሠልጥኖ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፍት አብሮት ይቆማል። አቶ አልሲድ አሥራ አንድ ሰዎችን መርጠዋል። በ2010 የወይዘሮ ኦዴትን በር አንኳኩ።

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? እኔ ከጠመኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አሏቸው።

«አንቺ ካልከፈትሽ ማን ሊከፍት ነው? እኔ ከጎንሽ ነኝ» ብለው መለሱላቸው።

መስካዳይን ትምህርት ቤት በነሐሴ 2011 በአሮጌ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተከፈተ። ወይዘሮ ኦዴት ማንንም አይመልሱም ነበር። የከተማው ፈተና ሚያዝያ ላይ ስለሚሰጥ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የካቲት ሲደርስ «ይህ ልጅ ለእኛ አይሆንም» እያሉ ደካሞቹን በዘዴ ይሸኛሉ። የተሸኘው ልጅ መስካዳይን ይገባል፤ በሁለት ወሩ ይፈተናል፤ ውጤቱም በመስካዳይን ስም ይመዘገባል። በመጨረሻው ዓመት እንዲህ የመጡት አርባ ሦስት ነበሩ። ወይዘሮ ኦዴት የሁሉንም ስም በቃላቸው ያውቁ ነበር።

በ2015 ፈቃድ ሰጪው ቦርድ የመስካዳይን ውል ይታደስ ወይስ ይቋረጥ የሚል አስተያየት ከድርጅቱ ጠየቀ። ጻፉ የተባሉት አቶ አልሲድ ናቸው። ስለ አርባ ሦስቱ ልጆች አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። አለቃቸው ግን ቅጹ እንዲህ ላለው ነገር ቦታ እንደሌለው ነገሯቸው። ወንድሜ ገጹን አወጡትና ፈረሙ። ቅጹ ላይ የቀረው የፈተና ውጤት ቁጥር ትክክል ነበር፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

የቦርዱ ስብሰባ ላይ፣ ወላጆች በተቀመጡበት፣ ወይዘሮ ኦዴት ተነሥተው «አልሲድ፣ የካቲት ላይ የመጡትን ልጆች ጽፈህላቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቅጹ ቦታ የለውም፣ ኦዴት» አሉ።

ወይዘሮ ኦዴት ተቀመጡ። ትምህርት ቤቱ በሰኔ ተዘጋ።

አቶ አልሲድ እስከ 2019 እዚያው ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የያዙት ሥራ ልጆቹን መፈለግ ነበር። ወይዘሮ ቬርኔል «ማንን ፍለጋ ነው ደግሞ በዚህ ሙቀት?» ሲሏቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር። ከአርባ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙን አገኙ። ከእነዚያም ትምህርቱን የጨረሱት አራት ናቸው። ሁለቱን ያገኟቸው መቃብር ቦታ ነው። ያወጡትን ገጽ ለቦርዱም ለጋዜጣም ላኩት፤ የመለሰላቸው የለም። እኛም ቤተሰቦቻቸው «እርሳው፣ ሥራህን ነው የሠራኸው» እንላቸው ነበር። ማጽናናታችን ምንም አልጠቀማቸውም፤ ይባስ ብሎ ከእኛ ጋር ማውራቱንም ተዉት።

በግንቦት 2023 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ታኅሣሥ ላይ እህታቸውን ጠርተው አንድ ነገር ለመኗት፤ በቀብራቸው ላይ በሚነበበው በዚህ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ወይዘሮ ኦዴት ከቤተሰቡ ጋር እንዲጻፉ። ክላሪስም ሄዳ ጠየቀች። ወይዘሮ ኦዴት ትንኝ የሚከላከለውን የሽቦ ወንፊት በር ሳይከፍቱ ሰሟት።

«ይቅር ብዬዋለሁ እንድልሽ ነው፣ የእኔ ልጅ? እሱን እወደዋለሁ፤ እሱን መጥላት መቼ ቻልኩበት። ግን ልጆቹ የእኔ ብቻ አይደሉም፤ በእነሱ ስም ምን ብዬ ይቅር ልበል? ቀብሩ ላይ እመጣለሁ። ከቤተሰቡ ጋር ግን እንዳትጽፊኝ።»

ክላሪስ ይህን ለወንድሟ አልነገረችም። «እሺ ብለዋል» አለቻቸው። አቶ አልሲድ አላመኗትም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጥር 11 ቀን 2024 በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ አልሲድ የወይዘሮ ቬርኔል ባለቤት፣ የጄራርድና የማርሴል አባት፣ የሦስት ልጆች አያት፣ የክላሪስና የአራት እህት ወንድሞቿ ወንድም ነበሩ። ወይዘሮ ኦዴት ጊልሪ ከቀባሪው ሕዝብ ጋር መጥተዋል፤ እንደ ቃላቸውም ከቤተሰቡ ዝርዝር አላስገባናቸውም።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ይቀበል፤ እኛ ለምነን ያላገኘንላቸውን ምሕረት እሱ ይስጣቸው።