የእትየ ባንቺአየሁ ቪዲዮ

ፍኖተ ሰላም
ሐምሌ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለደረሰ፤ ካርቱም

የካርቱም ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እዚህ ዝናቡ የሰፈሩን ጭቃ ሰብስቦ እኛ ደጃፍ አራግፎታል። እማማም፣ እኔም፣ ያች ሰው የምትነክሰው ዶሮም ደህና ነን። የከፋን ነገር ቢኖር የስልክህ መዘጋት ነው።

ክረምቱን አጎታችን አለበል ዘንድ እየሠራሁ ነው። ቤቱን «አለበል ዲጂታል» ብሎታል። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ካሜራና አንድ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ቶሎ የሚግለው ሥራ አስኪያጁ ነው። በሩ ላይ «ማስታወቂያ፣ ቪዲዮ፣ ዌብሳይት» ብሎ ለጥፏል። ዌብሳይት ያዘዘ እስካሁን የለም፤ አንድ የቋሪት ሽማግሌ ብቻ ገብተው «ስንት ኩንታል ይይዛል?» ብለው ጠይቀዋል። ለአንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴም ማስታወቂያ ሠርቻለሁ። ሰውየው ከበርበሬው ይልቅ የራሳቸው ፊት ጎልቶ ይውጣ አሉ። አወጣሁት፤ አሁን ያየው ሁሉ በርበሬው እንደሚያቃጥል ያምናል። ልጆቻቸው ሰው አገር ያሉ እናቶችም እኛ ዘንድ እየመጡ ሰላምታቸውን በቪዲዮ ያስቀርጻሉ።

ቀልዱ ይብቃኝ። የምጽፍልህ ስለ ዛሬው ነው።

አብሮህ ፎቅ ይሠራ የነበረውን የምስክርን ነገር ለአጎቴ ደውለህ ከነገርከው ወዲህ ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ሰነበቱ። ከፎቅ ወድቆ መሞቱን፣ እዚያው መቀበሩን ጅጋ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ከእናቱ ከእትየ ባንቺአየሁ በቀር። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በነፍስ አባታቸው በመምሬ ገብረ ሕይወት አፍ እንዲነገራቸው ተቆረጠ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ያለ ወጉ የተሰማ መርዶ ሁለተኛ ሞት ነው ይላሉ። አስከሬን ስለሌለ ለልቅሶው የሚያዘውን ትልቅ ፎቶ እኛ ታዘዝን።

ዛሬ ረፋድ የምስክርን ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ሞልቼ የሸሚዙን ኮሌታ ሳቃና በሩ ተከፈተ። እትየ ባንቺአየሁ ናቸው፤ ጥላቸው ይንጠባጠባል።

ነጠላየን መዝዤ ኮምፒውተሩ ላይ ጣልኩት።

«መብራት ሄደ!» አልኩ።

እትየ ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። ቦግ ብሏል። «ይኸስ?»

«እሱ... እሱ በሌላ መስመር ነው የሚመጣው» አለ አጎቴ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ይሁን። እኔ ለቪዲዮ ነው የመጣሁ። የምስክር ስልክ እምቢ አለኝ። ድምፄን ቀርጻችሁ ላኩልኝ፤ ለሰው ሁሉ ትልኩ የለም?»

አጎቴ ሰበብ ፍለጋ አፉን ሲከፍት መምሬ ገቡ። ታውቃቸዋለህ፤ ጆሯቸው ከከበደ ወዲህ ምሥጢር ሲያንሾካሹኩ ዱርቤቴ ድረስ ይሰማል። እኔን ብቻ አይተው፣ «ፎቶው አለቀ?» አሉ።

«የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው? አላለቀም፣ አባ!» ብየ ጮህኩ፤ በዓይኔ እትየ ወደተቀመጡበት ጥግ እየጠቆምኩ።

ዞር ሲሉ ፊታቸው አመድ መሰለ። እትየ ተነሥተው መስቀል ሊሳለሙ ቀረቡ። መስቀሉ ግንባራቸውን ሳተ።

«ምነው አባቴ፣ እጅዎ?»

«ብርዱ ነው፣ ልጀ። ብርዱ።»

 እትየ ነጠላየ ወደተጣለበት ኮምፒውተር ዞሩ። ማጥፋቱን ረስቼው ኖሯል፤ ከሥሩ ብርሃን ይወጣል። ነጠላየ ስስ ነው፣ ደረሰ። እጄን ልዘረጋ ብየ ፈራሁ፤ ብነካው ይብሳል። ያዩትን ይዩ አይዩ እስካሁን አላውቅም።

«ነይ ቅረጭኝ» አሉ።

ካሜራውን አንሥቼ ቀረጽኳቸው።

«ምስክር ልጀ፣ እናትህ ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋ ቦቃ ናት...» ብለው ቆሙ።  ሲቀጥሉ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «አሁን ለደረሰ ልናገር። ደረሰ፣ ስትሄዱ ልጀን አደራ ብየህ ነበር። የሰው አቅም የት ድረስ እንደሆነ አላጣሁትም። አልተቀየምኩህም። አገርህ ስትገባ እንዳትሸሸኝ፤ መጀመሪያ እኔ ቤት ና።»

ይህን ብለው ጥላቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ መምሬ አጠገብ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

«አባቴ፣ ነገ ማለዳ የትም አልወጣም» አሉ። «ውሻውንም አስረዋለሁ።»

 እትየ በዝናቡ ወደ ጅጋ መኪና ሄዱ።

አጎቴ «ሽማግሌዎቹ ሳይሰሙ ያን ቪዲዮ አጥፊው» አለኝ። «እሽ» አልኩት፤ እሽ ማለት ምን ይከብዳል! ቪዲዮው ያለበትን የካሜራውን ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ መተማ ለሚነዳው ለእንዳለው እሰጠዋለሁ። ሲደርስህ መርዶው ተነግሯል፤ አንተ ግን ልጃቸው ያላየውን እይለት። አይተህም ስልክህን ክፈት። እኔን ተወኝ፤ ለእትየ ደውል። ልቅሶተኛው ሲበተን የሚጠብቁት ያንተን ድምፅ ነው።

እማማ ስለ ስልክህ ስትጠይቀኝ ቻርጀሩ ተሰብሮበት ነው እላታለሁ። የምታምነኝ ትመስላለች። ያንን ፎቶ ስሠራ ግን ሌላ ፊት እየመጣብኝ ተቸገርኩ፤ የማን እንደሆነ አልጽፍም።

እመቤቴ ማርያም ከፎቅ ላይ እግርህን ታጽናልህ፤ በሰው አገር እጅህን ትያዝልህ።

ታናሽ እህትህ
ሕሊና