ቴሌቪዥኑ እንደተሸፈነ

ረቡዕ

ሐና ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለውን ነጠላ በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ ጥቁሩን መስታወት አይታ መልሳ ሸፈነችው። እማዬ ጓዳ ነበረች።

«አቡሽ፣ ዛሬ ማታ ከድር ቤት ሄደህ ድራማ ታይልኛለህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እህቴ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቴሌቪዥን ድራማ አጻጻፍ ነው የምትማረው። አባዬ ታሞ ካረፈ ጀምሮ እዚህ አሰላ ናት። ሰኞ የምታስረክበው ሥራ አላት፦ የዚህን ሳምንት ተከታታይ ድራማ ትዕይንት በትዕይንት መጻፍ፣ ከዚያ ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ትዕይንት ደግሞ ከራሷ ማውጣት። ካላስረከበች ዓመቱን ትደግማለች። ግን የአባዬ አርባ እስኪወጣ ድራማም ሆነ ዘፈን ላትከፍት ለእማዬ ቃል ገብታለች። ስልኳም ላይ። ጥቁር ለብሳ ጎረቤት ገብታ ብታይማ መንደሩ ምን ይላል?

«እኔም እኮ ልጁ ነኝ» አልኳት።

«አንተ ቃል አልገባህም።»

ሕግ ብትማር ይሻላት ነበር።

ሄድኩ። የጓደኛዬ የከድር እናት አዴ ዘይነባ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግባ» ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁም። ድራማው ላይ አንዲት ሴት ከቤት የጠፋ ልጇን ትጠብቃለች። ሊያልቅ ሲል «አሁን በር ይንኳኳል!» ልል አፌን ከፈትኩ። ይሄ የአባዬ አባባል ነበር። ከጎበሳ ስንዴ ጭኖ መጥቶ፣ ከአይሱዙው ወርዶ አቧራውን ሳያራግፍ ቁጭ ይልና ድራማ በታየ ቁጥር እንዲህ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ አይንኳኳም።

ዛሬ ተንኳኳ።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሐና ማውራት ጀመርኩ።

«ሴትየዋ በጣም አዘነች።»

«ማዘኗን በምን አወቅህ?»

«በፊቷ ነዋ።»

«ፊቷ ምን አደረገ? እጇስ? ቆማ ነው ተቀምጣ?»

አላውቅም። አንድም ነገር አላውቅም። ለካ ስክሪፕት ላይ የሚጻፈው የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ነው። «አሰበች» ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ «ናፈቀች» ብሎ መጻፍ አይቻልም። «ካሜራ ሆድ ውስጥ አይገባም» አለችኝ። ታዲያ ሰው በሆዱ የያዘው ነገር እንዴት ይታያል? ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜም ይሄንኑ ሳስብ ነበር።

ደግነቱ ድራማው ቅዳሜ ከሰዓት ይደገማል።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይ ዋልኩ።

የፊዚክስ መምህራችን፦ ጥያቄ ሲከብደው ጠመኔውን ኪሱ ይከታል።
ከድር፦ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል። ነገርኩት። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ «አልነካም» አለኝ።
እማዬ፦ እሷን ሐና እንደምትጽፈው አድርጌ ልጻፋት።

ውስጥ። ቤታችን። ምሽት። ውጪ የአይሱዙ ጥሩምባ ይሰማል። እናት ከመቀመጫዋ ትነሳለች። አይሱዙው ያልፋል። እናት ጓዳ ገብታ ውሃ ትጠጣለች።

ለሐና አላሳየኋትም። እማዬ በየማታው እንዲህ ታደርጋለች፤ እስከ ዛሬ ውሃ የጠማት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ድጋሚውን አየሁት። ከድር «አቦ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አታፍጥበት!» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። በዚህኛው ሁሉንም ይዣለሁ፦ ሴትየዋ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የልጇን ሹራብ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። በሩ ሲንኳኳ ብድግ ትላለች፤ ሹራቡ ይወድቃል፤ አታነሳውም።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ለሐና ጮክ ብዬ ነው የማወራላት። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሹራብ አጥፋለሁ። ከዚያ ግድግዳውን አንኳኳሁ።

መጋረጃው ተገለጠ። እማዬ።

«ሠርግ ቤት ነው እንዴ ይሄ?» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «የት አይተኸው ነው?»

እውነቱን ነገርኳት። መጋረጃውን መልሳ ወጣች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐና ወረቀቶቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይቅር፣ ዓመቱን እደግማለሁ» አለች። ሁሉ ነገር በእኔ ጩኸት ተበላሸ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም እማዬ አላናገረችንም። ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፦

«ያቺ ሴትዮ በሩን ከፈተችው?»

እኔና ሐና ተያየን።

«አልታወቀም እማ» አለች ሐና። «እዚያ ላይ አለቀ። ቀጥሎ ያለውን እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«አባትሽ ቢኖር ልጇ ነው የመጣው ይል ነበር።»

«አባዬ ደግሞ መቼ አግኝቶ ያውቃል!»

እማዬ ሳቀች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ግን ሳቀች፣ አይቻለሁ። ወደ ምስሯ ተመልሳ «ቶሎ አትከፍትም» አለች። «መጀመሪያ ውሃ ትጠጣለች።»

«ለምን ውሃ?»

«ተነስታለች እኮ። እንዲሁ ቆማ ትቅር? የሆነ ነገር ማድረግ አለባት።»

ሐና ወረቀቷን አውጥታ ጻፈች። እኔ ምስሩን ምስሩን አየሁ።

ሰኞ

ሐና በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደች። ለአርባው ትመለሳለች። እማዬ እኔን አስከትላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት፤ መንገድ ላይ ለጠየቀን ሁሉ «ፈተና አለባት» ትል ነበር፣ ማንም ሳይናገራት እየተቆጣች።

ከሰዓት ሐና ደወለች። አስረክባለች። መምህሯ የመጨረሻውን ገጽ አንብቦ፣ መልሶ አንብቦ፣ ከሌሎቹ ጋር ደረበው አለችኝ። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቀችም። እኔም አላውቅም።

ቴሌቪዥኑ እንደተሸፈነ ነው።

እራት ላይ እማዬ «ረቡዕ ከድር ቤት ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«ሂድ ካላልሽኝ አልሄድም።»

«ሂድ። ስትመለስ ግን ሁሉንም ትነግረኛለህ። ሹራቡን አንስታው እንደሆነም።»

ትንሽ ቆይቶ ውጪ አይሱዙ ጥሩምባ ነፋ። እማዬ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ቀድሜያት ጓዳ ገብቼ ውሃ ቀዳሁላት።