የዓምሃ ጾም

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጽጌረዳ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ይህን የሚያደርስልሽ ከብት ነጋዴው ነገራ ነው። ዛሬ ሸጎሌ ገበያ ከብቱን ሸጦ ሲመለስ በባለቤቴ በሳቢት ሱቅ በኩል አለፈና አንቺ ከዚህ ከሄድሽ ወዲህ ያለውን የፍቼን ወሬ ነገረን። ሴት ልጅ መውለድሽን፣ ስሟ ንግሥት መሆኑን፣ ገላዋንም እንደ ሟቹ ወንድሟ እንደ ዓምሃ ችፌ እንደወረራት ሰማን። ሳቢት "አላህ ያሳድጋት" አለ። ነገራም ቀጠለና "ጽጌ ግን ቆርጣለች፤ ይቺን እንደ ወንድሟ በጾም አላደርቃትም፣ ለገና እንቁላል አስጀምራታለሁ ብላለች" ሲል የምሰፍረውን ጨው ትቼ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ።

ጽጌ፣ እንቁላል እንዳትሰጫት። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ እንደፈለግሽ እርገሚኝ።

"ልጄ በጾም ይድናል፣ በፍስክ ይታመማል" ያልሽው አንቺ ነበርሽ፤ ማንም ሐኪም ሳይነግርሽ። ሁዳዴ ገብቶ ካንቺ ጋር ሽሮና ድንች ሲበላ የክንዱ መታጠፊያ ይደርቅለት ነበር። ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ደግሞ ቁስሉ እንደገና ውሃ ያወጣል። የሰፈሩ ሰው "የዓመት በዓል ቡዳ ነው" ሲል አንቺ ቁስቋም ማርያም ወጣሽና ሰባት ዓመት እስኪሞላው ፍስክ ላታስነኪው ተሳልሽ። የሳቅኩብሽ እኔ ጎረቤትሽ ነበርኩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባሕታዊ አደረግሽው እኮ!"

"ሳቂ ጀዊሪያ። ሲያክ የሚያድር ልጅ የለሽም።"

አፍሬ መተው ነበረብኝ። ግን ልጁ በረኃብ የከሳ እየመሰለኝ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እናቱ ከምታውቀው ይልቅ እኔ የማውቀው የሚበልጥ መሰለኝ።

በ75 ሚያዝያ ላይ፣ ከስብሰባ የቀረ ስኳር አይወስድም ተብሎ ወደ ቀበሌ ስትሮጪ ልጁን ለእኔ ሰጠሽኝ። ልጆቼ የተቀቀለ እንቁላል ይበሉ ነበር። ዓምሃ እጁን ዘረጋ። ግማሿን ጨው ነካ አድርጌ አጎረስኩት። ደስ ሲለው ብታዪው! ሌላዋንም ግማሽ ጨመርኩለት፤ "ብላ የኔ ጌታ፣ እማዬ አታውቅም" እያልኩ።

ሳህኑን እንኳ አላነሳሁም። መጀመሪያ የአፉ ዙሪያ ቀላ፤ ከዚያ ከንፈሩ አበጠ፤ ገላውን እንደ እብድ ያክ ጀመር፤ ሲያለቅስ ድምፁ ሻከረ። አፉን በነጠላዬ ጠረግኩ። ቅርፊቱን ሽንት ቤት ጣልኩ። አዎ፣ ልጁ እየታፈነ እኔ ቅርፊት እደብቅ ነበር።

"ምን አብልተሽው ነው?" አልሽኝ ገና ከበሩ።

"ምንም! ወላሂ ምንም!"

በአላህ ስም ማልኩልሽ። ሐኪም ቤትም ሐኪሙ ያንኑ ጠየቀ። "ሽሮ ብቻ ነው ዶክተር፣ ሌላ አይበላም" ስትይ እኔ የልጁን ቆብ ይዤ ከጎንሽ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ ምናልባት ሌላ መርፌ ይወጉት ነበር። ሳንባ ምች መስሏቸው ሲረባረቡ ነፍሱ አመለጠቻቸው።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ "በጾም ደክሞ ነው" እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሻቸው። ስለትሽን ረገምሽ። "የገደልኩት እኔ ነኝ" እያልሽ ደረትሽን ስትደቂ እጅሽን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ "የፈጣሪ ሥራ ነው" ያልኩሽም እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ጨለመብኝ።

አምና የእህቴን ልጅ ለችፌው ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ሐኪሟ "እንቁላል ወይም ወተት ሲበላ ያብጣል?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ቆዳ ካላቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ ምግብ እንደማይስማማቸው፣ ሲብስም ጉሮሮ እንደሚዘጋ አስረዳችኝ። እሷ ምክንያቱን ነገረችኝ እንጂ ነገሩንስ ያን ዕለት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ። አንቺና እኔ በመሠረተ ትምህርት በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን የለየነውን ፊደል ለዚህ ላውለው አልቻልኩም።

ጽጌ፣ ልጅሽን ጾም አልገደለብሽም። ያየሽው ሁሉ ልክ ነበር። ንግሥትን ምን እንደሚጎዳት አላውቅም፤ ሐኪም ሳያያት ግን ምንም እንዳታስጀምሪያት። ዓምሃ እንቁላል በልቶ እንደሞተ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው።

ይቅር በይኝ አልልም። መልስም አልጠብቅም። ይህን ደብዳቤ ግን ለብቻሽ አንብበሽ አታጥፊው። የወንድምሽን ሚስት፣ ጎረቤቶችሽን፣ ልጅቷን የሚያቅፉትን ሁሉ ሰብስቢና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከመካከላቸው አንዷ አዝናላት፣ አንቺ ዞር ስትዪ እንዳታጎርሳት።

ዓምሃን ያጎረስኩት፣
ጀዊሪያ