ድምፅሽ ላይ የዘጋሁት ስልክ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ሰውነቴ ይታዘዘኛል። ልብስ ስፌቱንም አልተውኩም።

በመሥሪያ ቤትሽ አድራሻ፣ በወረቀት የምጽፍልሽ የድሮውም እሑድ የደወልሽበትም ቁጥር ዝግ ስለሆነብኝ ነው። የእጅ ጽሑፌን ደግሞ የትኛውም ሌባ አስመስሎ አይጽፈውም፤ እኔም ራሴ አንዳንዴ ማንበብ ያቅተኛል።

መቼም ሥራሽ ይገርመኛል። የመሥሪያ ቤቱን ሰው ከኢንተርኔት አታላዮች ለመጠበቅ ብለሽ ራስሽ የውሸት ኢሜይል እየላክሽ ማን እንደሚሞኝ ታያለሽ። እኔንም እንደነሱ አስቀምጠሽ፣ «አባዬ፣ የሚያጣድፍህን ሰው ጠርጥር። ስልክህ ላይ የገባ ኮድ ንገረኝ የሚልህ ካለ ዝጋበት። በእኔ ድምፅ ቢያለቅስ እንኳ የማሽኗን ስም ጠይቀው፤ ካላወቀ እኔ አይደለሁም» አልሽኝ። ለዚያች ለፍላፊ የስፌት ማሽኔ በልጅነትሽ ያወጣሽላት ስም ነው፤ ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም።

ባለፈው ወር በአንቺ ፎቶ መልእክት መጣልኝ። «ስልኬ ተበላሽቶ ነው አባዬ፣ የገባልህን ኮድ ላክልኝ፣ ቶሎ በል፣ ቶሎ» ይላል። የማሽኗን ስም ብጠይቀው «አሁን የቀልድ ጊዜ አይደለም» ብሎ ጻፈልኝ። ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ሳወራ ሰነበትኩ።

ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራኝ። እሑድ ከማላውቀው ቁጥር ሲደወል፣ «አባዬ» ብለሽ ማልቀስ ስትጀምሪ፣ እኔ ሆዬ እንደ ተቆጣጣሪ ጥያቄዬን አቀረብኩ። «አላስታውስም አባዬ፣ አሁን ምንም አላስታውስም» አልሽኝ። ዘጋሁት።

ከዚያ መቀሴን አንሥቼ ጨርቅ ልቆርጥ ብል መልሼ አስቀመጥኩት። ነገሩን መልሼ ሳስበው ያቺ የደወለችው አላጣደፈችኝም። ኮድም አልጠየቀችኝም። ገና ሳልዘጋባት ያለችኝ «መድኃኒትህን ዋጥክ? ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ብቻ ነበር። ምንም የማይፈልግ ሌባ የት አለ? ተሯሩጬ መልሼ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ልጄ፣ ያዘዝሽኝን ነው የፈጸምኩት ብዬ ልከራከርሽ ነበር፤ ግን በዚህ ላይ መርታት አልፈልግም።

ወደ ቤት ብትመጪ ብዬ የጓዳዋን ክፍል ከጨርቅ ክምር አጽድቻታለሁ። አልጋውን አንጥፌ አንድ ትራስ አድርጌበታለሁ፤ ብቻሽን ካልሆንሽና ሁለት የሚያስፈልግ ከሆነ ትነግሪኛለሽ። ካልነገርሽኝም አልጠይቅሽም። ልፍለፋውን ለማሽኗ እንተውላት።

ስሟን እዚህ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤም ይከፈታል ብለሽ ትቆጪኛለሽ። ብትረሺውም አትጨነቂ። ስልክ ላይ ያወጣሽው ሕግ እንደ ጸና ነው፤ ነገም ሌላ ሰው በድምፅሽ ቢደውል እጠይቀዋለሁ። በሩ ላይ ግን ስም አልጠይቅም፤ አንኳኪ ብቻ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ክፉ አይንካብኝ።

ድምፅሽን የሚጠብቀው
አባትሽ