ከካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1996

183 አውራ ጎዳና ላይ የመኪና አደጋ ነበር። ከቤቴ ከቤድፎርድ ሥራ ቦታዬ አዲሰን ለመድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ። አሥር ደቂቃ አረፈድኩ፣ አለቃዬ ሰዓቱን አየና ወደ ቢሮው ገባ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀኑን ሙሉ መነጽር ስሞርድ ዋልኩ፤ ዱቄቱ አሁንም ጥፍሬ ሥር አለ።

ልጄ ሐዳሳ ዛሬም ምሳዋን መልሳ አመጣችው። ከትምህርት ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ወደቀች። በአሥራ አምስት ዓመት እንቅልፍ ይወዳሉ ይላሉ... ግን ይሄን ያህል? ከመዘምራን ከወጣች ሁለት ወር ሆናት። ስጠይቃት «ደክሞኝ ነው» ትላለች።

ከትምህርት ቤቷ ተደውሎ ነበር። የተማሪዎች አማካሪዋ ነገ ጠዋት ልታየኝ ትፈልጋለች። ሒሳብ ወድቃ ይሆናል። ባለቤቴ ነጋሽ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ነው፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

ሒሳብ አይደለም።

እንግሊዝኛ ክፍል ድርሰት ጻፉ ተብለው ሐዳሳ ግማሽ ገጽ ጽፋለች። አማካሪዋ በር ዘግታ ወረቀቱን ሰጠችኝ። «በማንም ተቆጥቼ አይደለም። ግን ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» ይላል። የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝኛ «ጂ»ዋን እንዴት እንደምትጠመዝዛት አውቃለሁ...

ብቻዋን አትተያት አለችኝ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት አንሺ፣ በኢንሹራንስሽ በኩል ልጆችን የሚያይ የአእምሮ ሐኪም ፈልጊ፣ ዛሬ ነገ አትበይ። የአእምሮ ሐኪም። በእኛ ጆሮ ስድብ ነው የሚመስለው። እሺ አልኩ፣ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑን ገለበጥኩት። የራስ ምታት ክኒን ሳይቀር ለቃቅሜ መኪናዬ ውስጥ ከኋላ ቆለፍኩበት። አንድ የሚሠራ ነገር ሲኖረኝ ይሻለኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ቸርች ሄድን። የጸሎት ቡድናችን መሪ እትዬ እታለማሁ «ሐዳሳ እንዴት ናት?» አሉኝ። ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን አልኳቸው። አፌ ራሱ ነው የሚመልሰው።

ከምሳ በኋላ ወረቀቱን ለነጋሽ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ። አጥፎ መለሰልኝና፣

«ይሄን ነገር በአፍሽ አታውጪው እስከዳር። ልጅ ላይ ክፉ አይወራም። እንጸልይ።»

እየጸለይን እንሄዳለን አልኩት። ሬኮርድ ይሆንባታል አለ። ኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፣ ነገ ኮሌጅ ልግባ ስትል ይወጣባታል። ይሄ እውነት ይሆን? አላውቅም። ደግሞ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ኮሌጅ ለመግባት መጀመሪያ መኖር አለባት። ይሄንን ለሱ አልነገርኩትም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

የሕፃናት ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት። አራት ጥያቄ ጠየቃት፣ አራቴ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሪፈራል ይጽፍልኛል ብዬ ነበር። እኔ መላክ አልችልም አለ፤ የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ የአእምሮውን ሕክምና ለሌላ ኩባንያ ሰጥቶታል፣ ከካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ እናትየዋ መደወል አለባት። ካርዱን ሁለት ዓመት ስይዘው ጀርባውን አይቼ አላውቅም።

መስመሩ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ከሥራ ነው የደወልኩት፣ ምሳ ከምንበላበት ክፍል ጥግ ካለው ስልክ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ከዚያ ድምጿ ለስለስ ያለ ሴትዮ መጣች። ልጅሽ ዛሬ እንዴት ናት አለችኝ። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ትበላለች? ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ትምህርቷስ? ጎበዝ ናት። ራሷን መጉዳት የመሰለ ነገር አንስታ ታውቃለች? ኧረ የለም፣ ጨዋ ልጅ ናት...

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰው በአጠገቤ ሳንድዊች ያሞቃል። ለማላውቃት ሴትዮ ልጄን እንዴት ላማት?

ቀጠሮ ሰጠችኝ። ኖቬምበር 19፣ ፎርት ወርዝ። ስድስት ሳምንት። እኔም አመሰገንኳት፣ ሁለት ጊዜ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ምሳዋን አልበላችም። አርባ አንድ ቀን ቀረ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ለሐዊ ነገርኳት። ሦስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ መነጽር ስትሞርድ፣ በየቀኑ ሮውሌት ከሚባለው ሩቅ ከተማ ስትመላለስ፣ ልጇ ዩኑስ እንዲህ ዓይነት ሐኪም ጋ እንደሄደ አላውቅም ነበር። እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት። ሁላችንም «ደህና ነን»።

ስድስት ሳምንት ስላት ደነገጠች። ምን ብለሽ ነው የነገርሻት አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳት። መነጽሩን አስቀመጠችው።

«እስኬ፣ ሴትዮዋ እኮ ሰላም እያለችሽ አይደለም። ፎርም ነው የምትሞላው። ደህና ናት ስትያት፣ ደህና ናት ብላ ቼክ አደረገች። ኦኬ? አለቀ። እኔም ለዩኑስ እንደዚያው አድርጌ ሁለት ወር አቃጥያለሁ።»

እንደገና ደውዪ አለች። ወረቀቱን ራሱን አንብቢላት፣ አታሳምሪው። መጀመሪያ ግን ልጅቷን ፊት ለፊት ጠይቂያት፣ እነሱም ይጠይቁሻል።

ከሥራ ስወጣ ሐዳሳን ከትምህርት ቤት ወሰድኳት። ሱፐርማርኬቱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ስንት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋ። ድርሰትሽን አንብቤዋለሁ አልኳት። መሞት ትፈልጊያለሽ ወይ?

ሰው ጋሪ እየገፋ ያልፋል።

«አላውቅም ማሚ። መሞት አይደለም... ጀስት፣ ጠዋት እንዲመጣ አልፈልግም። ኤቭሪ ዴይ።»

ከመቼ ጀምሮ አልኳት። ከሰመር ዕረፍት ጀምሮ። ለምን አልነገርሽኝም? «ስትጠይቂኝ ደህና እንድልሽ ነው የምትፈልጊው» አለች። አልተቆጣችም፣ እንዲሁ ነው የተናገረችው። እውነቷን ነው። አቀፍኳት፣ የመኪናው ቀበቶ አላስተቃቅፍ አለን። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

ደወልኩ። ሌላ ሴት ነች፣ ዴብራ ትባላለች። ፋይሉ «አስቸኳይ አይደለም» ተብሎ ተዘግቷል አለችኝ። ክፈቺው አልኳት። ማክሰኞ ዕለት የተናገርኩት ልክ አይደለም፣ አፍሬ ነው። አሁን የሆነውን እንደሆነው እነግርሻለሁ።

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ምሳ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። ማንም ማኘኩን አላቆመም፣ ለኔ ግን ሁሉም ያቆመ መሰለኝ። ትናንት መኪና ውስጥ ያለችኝንም ነገርኳት። ምሳ አትበላም። አሥራ አራት ሰዓት ትተኛለች። ከመዘመር በላይ የምትወደው ነገር አልነበረም፣ ተወችው። እያንዳንዱን ስናገር ልጄን አሳልፌ የምሰጣት መሰለኝ። አላቆምኩም።

«ዛሬ ቤት ውስጥ ሴፍ ናት ብለሽ ታስቢያለሽ?»

አላውቅም፣ ለዚህ ነው የደወልኩት አልኳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ከባሰባት ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጃት አለች፣ የሆስፒታሉን ስም አስጻፈችኝ። ስምንት ጊዜ እንድትታይ ፈቀደች። ሐኪሙን ከኢንሹራንሱ የሐኪሞች ዝርዝር መጽሐፍ ላይ እኔ መምረጥ እችላለሁ፣ በሳምንት ውስጥ የሚቀበል ካገኘሁ።

መጽሐፉ ወፍራም ነው። አለቃዬ ጋ ሄጄ ከሰዓት በኋላውን ከደመወዜ ቁረጠው፣ ስልክ ላይ ነኝ አልኩት። አየኝና እሺ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር አይሠራም። ሁለተኛዋ አዋቂ ብቻ ነው የማየው አለች። ሦስተኛው ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች። አንዱ ከኢንሹራንሱ ከወጣ ዓመት ሆኖታል፣ ስሙ ግን መጽሐፉ ላይ አለ። ይሄን መጽሐፍ ማን ነው የሚያርመው? አሥራ አንድ ስልክ ደወልኩ። ማክሰኞ የሚቀበሉ ሁለት ተገኙ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ከሁለቱ አንዱ የእኛ ሰው ነው! ዶክተር ኃይለ መስቀል፣ አማርኛ ተናጋሪ ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ሳገኘው ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር።

ሐዳሳ ግን...

«ማሚ፣ ሰርግ ሁሉ ላይ አለ እኮ። አንቺን ያውቃል፣ ዳዲን ያውቃል። ሶ እኔ ምን እለዋለሁ?»

ሐኪም አያወራም አልኳት። አውቃለሁ አለች፣ ግን ሲያየኝ እናንተን ነው የሚያየው። ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። አማርኛው ለማን ነበር? ለኔ ነበር። እኔ እንድሰማ፣ እኔ እንድገባ። ሌላዋ እዚሁ ቤድፎርድ ያለች አሜሪካዊት ናት፣ ዶክተር ሃርሞን። ሐዳሳ ስሟን በጣቷ ነካችው። «ይቺ።» በስንት ወር አንድ ነገር እፈልጋለሁ ስትል የሰማኋት ዛሬ ነው።

ነጋሽ ሐኪሟ አማኝ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሄደህ ራስህ ጠይቃት አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ዶክተሯ ሐዳሳን ብቻዋን ነው የማያት አለች። ሃምሳ ደቂቃ። ውጭ ቁጭ ብዬ የአትክልት መጽሔት አገላበጥኩ፣ አንድ መስመር አላነበብኩም። በሩ ላይ ጆሮዬን ልለጥፍ ትንሽ ነው የቀረኝ። ምን እያለች ይሆን? ስለ እኔ ይሆን?

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ኦኬ ነበር አለች። መኪና ውስጥ ካመጣሁላት ሳንድዊች ግማሹን በላች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም። ነጋሽ ወሰዳት፣ እያጉረመረመ። ሲመለስ ታክሲውን አቁሞ ብዙ ደቂቃ ሳይወርድ ቀረ። ወጣሁለት።

ዶክተሯ ለአምስት ደቂቃ አስገብታው ነበር። ልጅህን ምን ያስቃታል ብላ ጠየቀችው።

«አላወቅኩም» አለኝ። «በፊት አውቅ ነበር።»

መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለሚቀጥለውም እኔ ነኝ የምወስዳት አለ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

መጥፎ ሳምንት። ትምህርት ቤት ሁለት ቀን አልሄደችም። ዶክተሯ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው ትላለች። እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ግን ሌላ ምርጫም የለኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

እትዬ እታለማሁ ዛሬም ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ታማለች፣ ኀዘን ይዟታል፣ ሐኪም እያያት ነው፣ ይጸልዩልን አልኳቸው።

«ልጄ፣ እንዲህ አይባልም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ይባላል እትዬ፣ አልኳቸው። በአክብሮት ነው ያልኩት። እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሱ። ለሐሙሱ የጸሎት ቡድንም እንደ ወትሮው ነይ አላሉኝም። ከፍቶኛል፣ ሃያ ዓመት የማውቃቸው ሴት ናቸው። ግን ብመለስ እንደገና ያንኑ ነው የምለው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ዛሬ ስምንተኛው ቀጠሮ ነበር። የተፈቀደልን አለቀ። ዶክተር ሃርሞን ይቀጥል ብላ ለኢንሹራንሱ ጽፋለች፤ እነሱ ግን ከመወሰናቸው በፊት ከቤተሰብም እንሰማለን አሉ፣ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ አራት ሰዓት ቤት ይደውላሉ። ሳምንቱን በሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ። የምናገረውን በሁለት ገጽ ጽፌ ስልኩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ተሽሏታል፣ ግን አልዳነችም። ምሳ ትበላለች፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አሁን ብታቋርጡብን አቤት የምለው የት እንደሆነም አጣርቻለሁ። እንቢ ካሉኝ መቶ ጊዜ እደውላለሁ።

ተደወለ። ሦስት ጥያቄ ከወረቀቴ እያነበብኩ መለስኩ። ሐዳሳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ አፏን በዳቦ ሞልታ። ዋጠችና እጇን ዘረጋች።

«ማሚ፣ ስጪኝ። ስለኔ አይደል?»

ስልኩን ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

አሥር ደቂቃ አወራች፣ በእንግሊዝኛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ያልሰማሁትን ብዙ ነገር ተናገረች። ልክ እንደ ትልቅ ሰው፣ ሳታሳምር፣ ሳታጋንን። አንዳንዱ ያምመኛል፣ ለምን እንደሚያምመኝ ነገ እጽፈዋለሁ። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ የጠየቀቻትን አልሰማሁም። የመለሰችላትን ግን ሰማሁ። አዎ፣ የሚቀጥለው ማክሰኞም መሄድ እፈልጋለሁ። ከሱ በኋላ ያለውም። ጃንዋሪም።

አሥራ ሁለት ጊዜ ጨመሩልን።

ስልኩን ሰቅላ ዞር ስትል አየችኝ።

«ምነው ማሚ? እሺ አሉ እኮ። ለምን ታለቅሻለሽ?»

ጃንዋሪ ስላልሽ ነው አልኳት።