በዓይናቸው የማሉት ወይዘሮ ሠርካዲስ ጌጡ

ወይዘሮ ሠርካዲስ ከአባታቸው ከአቶ ጌጡ ዓለሜና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ፀሐዬ በ1929 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት እዚሁ ጉለሌ ተወለዱ። ክርስትና የተነሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1947 ዓ.ም. ከአቶ ወልዱ ስለሺ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዳኜንና ይርጋለምን ወለዱ። አቶ ወልዱ በ1964 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በስፌት ሥራ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የወታደር ልብስ ኮሌታ ይሰፉ ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ የሰው ኮሌታ ያቃኑ እንደነበር እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ በአንገታችሁ ታውቃላችሁ።

ደፋር ነበሩ ብለን ብንጽፍ ራሳቸው ይቆጡናል። ፈሪ ነበሩ። ነጎድጓድ ይፈሩ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አይቀምሱም ነበር።

በየካቲት 1970 ዓ.ም. የእኅታቸው የወይዘሮ መሰለች ልጅ ዓለምፀሐይ ከሚፈለጉት ተማሪዎች አንዷ መሆኗ ተሰማና ሸሽታ እሳቸው ቤት ገባች። ወይዘሮ ሠርካዲስም የጓዳውን ኮርኒስ ቀደው ከጣሪያው ሥር ሸሸጓት። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት የታጠቁ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ። አልጋውን ገለበጡ፣ ሣጥኑን በረበሩ። ምንም ሲያጡ አንደኛው፣ እግዚአብሔር የለም እያለ ቀበሌውን ሲያስተምር የከረመው፣ እንዲምሉ አዘዛቸው። እሳቸውም “አይቻት ከሆነ ሁለቱም ዓይኔ ይጥፋ” አሉ። ሰዎቹ ወጥተው ሄዱ። ልጅቷ ከኮርኒሱ በላይ ሆና ቃሉን ሰምታዋለች። በማግስቱ ገበያተኛ መስላ ወደ አባቷ አገር ወጣች።

በዚያው ዓመት በስቅለት ዕለት ወይዘሮ ሠርካዲስ እንጦጦ ማርያም ሲሰግዱ፣ ግንባራቸው መሬት በነካ ቁጥር ዓይናቸው ድርግም ይል ጀመር። ቀና ሲሉ አራት አምስት እስኪቆጠር ይቆይና ይመለሳል። መሐላዬ ደረሰ አሉ በልባቸው። እየዋለ እያደረ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ይፈልጣቸው፣ ያስመልሳቸው፣ የገዛ ደማቸው ጆሯቸው ውስጥ ሲመታ ይሰማቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። የሰፉት ኮሌታ መጣመም ሲጀምር የሥራ ባልደረባቸው ወይዘሮ ባዩሽ፣ አለቃ ሳያይ፣ እየፈቱ ይሰፉላቸው ነበር።

ነገሩ የገባቸው ወይዘሮ ባዩሽ ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲሏቸው እምቢ ያሉት፣ ኋላ እንደነገሩን፣ ሕመሙን ንቀው አይደለም። ዓይኔ ከዳነ መሐላው እኔን ትቶ ልጅቷን ይይዛል ብለው ስለፈሩ ነው። ከምትያዝ እኔን ይያዘኝ ብለው፣ ጨለማው በመጣ ቁጥር ልጅቷ አንድ ቀን አተረፈች እያሉ ስድስት ወር ተቀመጡ። ይህን ስናስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

በጥቅምት 1971 ዓ.ም. በር ላይ ወድቀው ያገኛቸው ልጃቸው ዳኜ እየጎተተ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ዶክተር ቶለሳ የተባሉ የዓይን ሐኪም የዓይናቸውን ውስጥ በመብራት ካዩ በኋላ፣ በራስ ቅላቸው ውስጥ ግፊት መጨመሩን፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ነርቭ ማበጡን፣ ደሙም እንደ ተረገጠ የውኃ ጎማ መተላለፊያ ማጣቱን አስረዷቸው። ሲያጎነብሱ ግፊቱ ይብሳል፤ ደም ለጥቂት ሰኮንድ ይቋረጣል፤ ዓይን ይጨልማል። ወይዘሮ ሠርካዲስ አዳምጠው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

“ይሄ ነገር ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል?”

ሐኪሙ “የለም እናቴ፣ አይተላለፍም፤ አይስጉ” አሏቸው። እሳቸው የጠየቁት ስለ መሐላው፣ ሐኪሙ የመለሱት ስለ በሽታው ነበር። ቢሆንም ከዚያች ዕለት ጀምሮ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያዛንፉ ዋጡ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የሁለቱም ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ።

ዓለምፀሐይ በ1973 ዓ.ም. እጇን ሰጥታ ስምንት ወር ታስራ ተፈታች። ከእስር ቤት በቀጥታ የመጣችው ወደ አክስቷ ነው። ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱና “አሁንስ እውነቴን ነው፤ አላየሁሽም” ብለው ሳቁ። ከእሳቸው በቀር የሳቀ አልነበረም።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ለግፊቱ መነሻ በነበረው የጭንቅላት እጢ ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። ልጆቻቸው ዳኜና ይርጋለም፣ እኅታቸው ወይዘሮ መሰለች፣ የእኅታቸው ልጅ ዓለምፀሐይና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

የልጅቷ ጉዳይ ተዘግቷል ቢባልም ይህ ታሪክ በአደባባይ ይነበብ አይነበብ ስንል ብዙ ተከራክረናል። ሰው ፈራን፤ በሐሰት መማል ኃጢአት ነውና እግዚአብሔርንም ፈራን። ይነበብ ያለችው ዓለምፀሐይ ናት። ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ኅብረት ይደምርልን፤ ስለዚያ መሐላ የሚጠይቃቸው ቢኖር ግን፣ መልሳቸው ይህን ወረቀት ይዛ በሕይወት ፊታችሁ ቆማለች።